ኩባያ ብቻ የሚያትም ፕሪንተር

ጋሽ ብሎን ካርቶን ይቆርጡ ነበር። ባዶ የጫማ ካርቶን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ ቆዳ በሚቆርጡበት ትልቅ መቀስ መዳፍ የሚያህሉ ቁራጮች ያወጣሉ። ከዚያ የእያንዳንዷን ቁራጭ ማዕዘን በሸካራ ወረቀት ይሞርዳሉ፤ ማዕዘኗ ሹል ከሆነች የባለቤታቸውን ጣት ትቧጭራለች ብለው ነው። አንዷን ሞርደው ሳይጨርሱ ይነሡና በመስኮት መንገዱን ያያሉ። ተመልሰው ይቀመጣሉ። መቀሱን የት እንዳኖሩት ይጠፋቸዋል፤ ሲፈልጉ ሲፈልጉ ቆይተው ብብታቸው ስር ያገኙታል።

«ገና ነው እኮ አውቶቡሱ» አልኳቸው። «ከምሳ በፊት አይገባም።»

«ማን ስለ አውቶቡስ አወራ፣ እትዬ? አየሩን ነው የማየው» አሉኝና እንደገና ተነሡ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ብሎን» ያላቸው ኪሳቸው ከብሎን ስለማይጸዳ ነው። ኮታቸውን ሲያራግፉ፣ መሀረብ ሲያወጡ፣ አንዳንዴም ሰው ለመጨበጥ እጃቸውን ሲመዙ አንዲት ብሎን ቅጭል ብላ ትወድቃለች። ቤታቸው ከእኔ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። የፊት ለፊቱ ክፍል የጥገና ሱቃቸው ነው፤ የኋላው መኖሪያቸው። ከጠዋት ጀምሮ በሁለቱ መሀል ሲመላለሱ የጫማቸው ድምፅ በግድግዳው ይሰማኛል። ድምፁ ሲጠፋ «ምን ሆኑ?» ብዬ የምደነግጠው እኔ ነኝ። መቀመጥ አይሆንላቸውም። ሾርባ እንኳ ቆመው ነው የሚጠጡት።

ባለቤታቸው አብሮ አደጌ ናት። ከሁለቱ አፍ የነበራት እሷ ነበረች። ደንበኛ ሲመጣ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው መኪናውን ይፈታሉ፤ መቀበሉ፣ መጠየቁ፣ መቀለዱና መሸኘቱ የእሷ ነበር። «የእኔ ባል የሚያወራው ከብረት ጋር ነው፤ ሰው የደረሰው ለእኔ ነው» ትል ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰና ቀኝ እጇ ዛለ፤ ንግግሯም አብሮ ሄደ። አሳቧ አልሄደም። ዓይኗን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ከአፏ የሚወጣው ግን «ኧ… ኧ…» ብቻ ሆነ።

ጠዋት ጠዋት እኔ ፀጉሯን ሳበጥር ደህና ናት። የሚከፋው ከሰዓት በኋላ ነው። ጋሽ ብሎን ከሱቁ ብቅ ሲሉ በግራ እጇ የሶፋውን ክንድ ትመታለች፤ እሳቸውን ታያለች፤ «ኧ!» ትላለች። እሳቸው ይበራሉ። ውሃ ነው? ውሃ ያመጣሉ። ኩባያውን ትገፋለች። ብርድ ነው? ነጠላ ብርድ ልብሱን ያለብሷታል፤ ትጥለዋለች። መስኮት ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ትራሱን ይቀይራሉ፣ መነጽሯን ያመጣሉ። እሷ እጇን እየመታች በመጨረሻ ታለቅሳለች፤ እሳቸው ደግሞ ወደ ሱቁ ሄደው ያልተበላሸውን መኪና ይፈታሉ።

ልጃቸው በሌላ ከተማ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት። ባለፈው ስትመጣ ይህን ልቅሶ አየች። ከዚያ ወዲህ በስልክ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

«እማዬን እወስዳታለሁ፣ አባዬ። አንተ የምትለውን መስማት አልቻልክም፤ እሷም እየተጎዳች ነው።»

«መሄድ አትፈልግም።»

«በምን አወቅህ?»

የንግግር ሐኪሟ በሥዕል መጠየቅ እንደሚቻል ነግራቸው ስለነበር «ራሷ ትምረጥ። ሥዕል ሠርቼ እጠብቅሻለሁ» አሉ። ልጅቱም እሺ አለች፤ እናቷ ቤቱን ከመረጠች ብቻዋን ልትመለስ፣ የእሷን ቤት ከመረጠች በማታው አውቶቡስ አብረው ሊሄዱ። የምትመጣው እንግዲህ ዛሬ ነው፤ ጋሽ ብሎንን ካርቶን ያስያዛቸውም ይኸው ነው።

ፎቶዎቹን በስልካቸው አንስተው ጨርሰው ነበር። የምትጠጣበትን ኩባያ፣ ማበጠሪያዋን፣ መስኮቱን፣ አልጋዋን፣ ወንበር፣ እኔን ከነመነጽሬ። እሳቸውን ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። «ቁሙ እንጂ!» እያልኩ ብለምናቸውም ፊታቸውን ወደ ሱቁ ስላዞሩ ፎቶው ደብዝዞ አፍንጫቸው ጭራ አውጥቶ ቀረ። የቤቱንና የልጅቱን ቤት ፎቶ ሲያሳዩኝ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የራሳቸው ቤት በር ፀሐይ አርፎበት ያበራል። የልጅቱ ቤት ደግሞ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ በርሜል ከፊቱ ተደቅኖ፣ ጨለምለም ብሎ ነው።

«የልጅዎ ቤት እንዲህ ነው እንዴ?» አልኩ።

«ነው እንጂ። ያኔ ልንጠይቃት ስንሄድ ያነሳሁት ነው።»

«በርሜሉ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቆመው?»

ጆሯቸውን አከኩ። ካሰቡበት በኋላ ልጅቱ ራሷ የላከችላቸውን፣ በረንዳው የሚታይበትን ፎቶ ፈልገው አወጡ። «እትዬ ዝም ያሉ ይመስላሉ እንጂ ዳኛ ነዎት» ብለው አጉረመረሙ። ባለቤታቸው ከሶፋዋ ላይ ሆና ሳቀች። ሳቋ እንደ ድሮው ነው፤ እሱ አልተነካባትም።

አሁን የቀረው ማተም ነበር። ልጅቱ ሥራ ስትይዝ ትታው የሄደችው ኮምፒውተርና ፕሪንተር ከሶፋው ጎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ብሎን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የመጀመሪያውን ፎቶ፣ ኩባያውን፣ ከፍተው «አትም» የሚለውን ተጫኑ። ምንም የለም። እንደገና ተጫኑ። ምንም። የአውቶቡስ ጥሩምባ ከሩቅ ሲሰማ ደግመው ደጋግመው ተጫኑ፤ በር የሚያንኳኩ ነበር የሚመስሉት።

ልጃቸው ጋ ደወሉ። የአውቶቡሱ ሞተር ድምፅ እስከ እኔ ይሰማል።

«አባዬ፣ መንገድ ላይ ነኝ። ምን ሆንክ?»

«አላትምም ብሏል።»

«ምን ብሎ ጻፈልህ?»

«"ፕሪንተሩ አልተገናኘም" ይላል። አጠገቡ ተቀምጦ! ክርኔን እየነካኝ!»

«ገመዱን እየው እስቲ። ከኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቷል?»

ከጠረጴዛው ስር ገቡ። ከዚያ ስር የወጣው ድምፅ «አሃ» ነበር፤ ቀስ ያለ፣ ያፈረ «አሃ»። ፎቶዎቹን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ሲያሳልፉ፣ የስልኩን ገመድ ለመሰካት የፕሪንተሩን ነቅለውት ኖሯል።

«ተሰክቷል?» አለች ልጅቱ።

«አሁን ተሰክቷል።»

«አሁን ማለት…?»

«አሁን ማለት አሁን ነው። መንገድሽን ያዢ» ብለው ዘጉት።

ፕሪንተሩ ተነፈሰ፣ አጓራ፣ ከዚያ አንድ ወረቀት ተፋ። ኩባያ። ጋሽ ብሎን አንስተው ለባለቤታቸው አሳዩ፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛው ወጣ። ኩባያ። ሦስተኛውም ኩባያ። እያንዳንዷ መጫን ተቆጥራ ተሰልፋ ኖሮ፣ ኩባያው ይጎርፍ ጀመር። ወረቀቱ ከጠረጴዛው ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ሶፋው እግር ተንሸራተተ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ጋሽ ብሎን አጎንብሰው ይለቅማሉ፤ እሱ ከላይ ይጨምርላቸዋል።

«ይህ ሁሉ ኩባያ ለማን ነው? ድግስ አለብን?» አልኩ።

«ይሳቁ፣ ይሳቁ። ቀለሙ ሲያልቅ እርስዎ በእጅዎ ይሥሉልኛል።»

እንደገና ደውለው፣ ልጅቱ በስልክ እየነገረቻቸው ወረፋው ላይ የተሰለፈውን ሁሉ ሰረዙ። ቤቱ ጸጥ አለ። አሁን ማበጠሪያው ሊታተም ነበር፤ ታትሞም ወጣ። ግን ጋሽ ብሎን ማበጠሪያውን አላዩም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር።

«ሰሙት?»

«ምኑን?»

«ሲጥ ይላል። ወረቀቱን ሲስብ። ሲጥ… ሲጥ…»

እኔ የሰማሁት ነገር አልነበረም። እሳቸው ግን ሲጥታ ከሰሙ እንቅልፍ የላቸውም። የሰው በር ሲጥ ካለ እንኳ ሳይጠየቁ ይቀባሉ፤ «ያቃሰተ ብረት ሁሉ የጠማው ነው» የሚል ቃል አላቸው። ባለቤታቸው እጇን አነሳች። «ኧ! ኧ!» አለች። እኔም «ይተዉት፣ እየሠራ ነው እኮ» አልኩ። እሳቸው ከሱቁ አፈ ቀጭኑን የዘይት ዕቃ ይዘው ተመልሰዋል። የፕሪንተሩን ክዳን በካቻቢቴ ፈቱ፣ አጎነበሱ፣ ወረቀት የሚስቡትን ጥቋቁር ጥቅልሎች አንድ በአንድ፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ አጠጡ። በጣታቸው አሽከረከሩት። ሲጥ አላለም።

«ይኸውላችሁ!» አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ፊታቸው ሲፈካ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አትም» አሉት። ጥቅልሉ በጸጥታ፣ በጥሩ ሁኔታ፣ እንደ ውሃ ዞረ። ወረቀቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። «ወረቀት የለም» አለ ኮምፒውተሩ።

«የለም? ዓይን የለህም እንዴ?» ወረቀቱን አውጥተው አሳዩት፣ አራግፈው መለሱት። «ወረቀት የለም።» ሌላ ወረቀት ጨመሩ። አሳሱት። አጥፍተው አበሩት። ገመዱን ነቅለው ሰኩ፤ ጠዋት ጥፋቱ እዚያ ስለነበር አሁንም እዚያ ይሆናል ብለው ነው፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ወረቀቱን በእጃቸው ገፋ ሲያደርጉለት ግማሹን ወስዶ ቅባት እየቀባ አጣመመው። ከጠረጴዛው ወደ መስኮት፣ ከመስኮቱ ወደ ሱቁ፣ ከሱቁ ወደ ጠረጴዛው ይመላለሱ ጀመር። የባለቤታቸው ዓይን ከኋላቸው ይሄዳል፤ እጇ ሶፋውን ይመታል። እሳቸው በመሀል ቆም ይሉና «ምነው? ውሃ ላምጣ?» ይሏታል። የታተሙት ኩባያና ማበጠሪያ ብቻ ናቸው፤ በሁለቱ ደግሞ ሰው ቤቱን መምረጥ አይችልም።

አውቶቡሱ ገባ። ልጅቱ ሻንጣዋን በሩ ላይ አስቀምጣ እናቷን አቀፈች፣ እኔን ሳመች፣ አባቷን ስትስም ቆም ብላ አሸተተች።

«የምን ዘይት ነው?»

«የሱቅ ነው። ምን አዲስ ነገር አለው?»

«ከሱቁ አይደለም የሚሸተው።» ወደ ፕሪንተሩ ሄደች። ክዳኑን አነሳች። ጣቷን ጥቅልሉ ላይ አሳርፋ፣ ጣቷን አየች። «አባዬ።»

«ሲጥ ይል ነበር።»

«አባዬ፣ ይሄ ጎማ ነው። ወረቀቱን ቆንጥጦ የሚስበው ሸካራ ስለሆነ ነው።» ሳቋንም ቁጣዋንም አንድ ላይ የያዘች ትመስላለች። «የስፌት መኪናን ቺንጋ ዘይት ትቀባዋለህ?»

«ቺንጋ እንዴት ይቀባል! ያንሸራትታል እንጂ…» ብለው አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ቺንጋ መዘውሩን የሚያዞረው ቀበቶ ነው፤ እሱን ዘይት አስነክቶ የመለሰ ሠራተኛ ካለ ጋሽ ብሎን ከሱቃቸው ያባርሩታል።

«ያው ነው» አለች ልጅቱ።

ከቦርሳዋ ጥጥና አልኮል አወጣች። ጥቅልሉን ፈትተው አወጡት። እሷ ትወለውላለች፤ እሳቸው እያዞሩ ይይዙላታል። ጥጡ ጥቁር ሆነ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ነጭ። ለጥቂት ጊዜ የሁለቱ ራሶች ተጠጋግተው አንድ ሥራ ላይ አቀረቀሩ። ልጅ እያለች ክር የምታቀብላቸው እንደዚሁ ነበር። ክርክራቸው ግን አልቀዘቀዘም።

«እኔ ጋ ደረጃ የለም፤ ሐኪሙ ቅርብ ነው» ትላለች እየወለወለች።

«እዚህ እትዬ አሉ። እዚህ ድምፅዋን የሚያውቅ ሰው አለ።»

«ድምፅዋን ታውቃለህ፤ የምትለውን ግን አታውቅም።»

«ጥሩ፤ እንጠይቃታ!» አሉና ጥቅልሉን ከእጇ ወሰዱ።

መልሰው ሲገጥሙት ወረቀቱን ያዘ። ሲጥ… አለ። ጋሽ ብሎን ጥርሳቸውን ነከሱ እንጂ ምንም አላሉም። መስኮቱ ወጣ፣ አልጋው ወጣ፣ ወንበሩ፣ እኔ፣ አፍንጫቸው ጭራ ያወጣው ራሳቸው፣ በመጨረሻም ሁለቱ ቤቶች። እኔ በመቀስ ስከረክም፣ ልጅቱ ኮላ ስትቀባ፣ እሳቸው በካርቶኑ ላይ ሲለጥፉ ፀሐዩ ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉ ላይ ደረሰ። ልጅቱ በየጊዜው ሰዓቷን ታያለች።

ሥዕሎቹን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ደርድረው እናቲቱ ጭን ላይ አኖሩት። ልጅቱ ተንበረከከች። ሁለቱን ቤቶች ወደ ፊት አቀረበች።

«እማዬ፣ ስሚኝ። ይሄ እዚህ ነው። ይሄ እኔ ጋ ነው። የት መሆን ትፈልጊያለሽ? በጣትሽ ንኪልኝ።»

ጋሽ ብሎን ቆመዋል። አንዱ እግራቸው ወለሉን ይመታል። እሷ የመጀመሪያውን ቤት አየች፤ ሁለተኛውን አየች፤ ቆየች። ከዚያ ግራ እጇን ዘርግታ በሁለቱ ላይ አሳረፈች፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ጠርጋ ወደ ሰሌዳው ጠርዝ ገፋቻቸው።

ልጅቱ ዓይኗ ውሃ ሞላ።

«አልገባትም» አለች ዝቅ ብላ። «አባዬ፣ አታድክማት። የማታው አውቶቡስ ትኬት ቤት ሊዘጋ ነው። ሂድና ሁለት ትኬት ቁረጥ። እዚያ ሐኪም ይያት፤ ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን።»

ይከራከራሉ ብዬ ነበር። አልተከራከሩም። የሚሄዱበት ቦታ መኖሩ ብቻ እግራቸውን ያሳረፈው ይመስል፣ ባርኔጣቸውን ከሚስማሩ አንስተው ደፉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሰሌዳው ጧ አለ። እናቲቱ መትታው ነው።

«ኧ!»

ዞሩ። እጇ ከሥዕሎቹ መሀል ትፈልግ ነበር። እኔን አለፈችኝ፣ መስኮቱን አለፈች፤ አፍንጫው ጭራ ያወጣውን ፎቶ አገኘች። አነሳችው። ሁለት ጊዜ ወደቀባት፤ ልጅቱ ልታግዛት ስትል በዓይኗ ከለከለቻት። ከዚያ ፎቶውን የወንበሩ ሥዕል ላይ አኖረችው። በካርቶን ላይ ካርቶን፣ በትክክል ማዕዘን ለማዕዘን አስተካክላ።

«ወንበር!» አሉ ጋሽ ብሎን። «ወንበር ነው የፈለገችው! የቱን ላምጣ፣ ትልቁን ነው ከሱቁ?» ሊሮጡ እግራቸውን አነሡ።

«ኧ!!» ሰሌዳው እንደገና ጧ አለ።

ልጅቱ ፎቶውን አየች፤ አባቷን አየች። ከሶፋው ጎን ያለውን፣ ፒንሳና የክር ጥቅል የተከመረበትን ወንበርም አየች።

«አባዬ» አለች፣ «ቁጭ በል ነው የምትልህ።»

«የት?»

«እዚህ። አጠገቧ። ከሰዓት በኋላ ሁሉ "ኧ" የምትልህ ይሄን ነው። አንተ ውሃ ታመጣላታለህ።»

ጋሽ ብሎን ባለቤታቸውን አዩ። እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግማ፤ እንባዋም ሳቋም መጣ። ከወንበሩ ላይ ዕቃውን እኔ አነሳሁት። እሳቸው በሰው ቤት እንደሚቀመጥ እንግዳ በጠርዙ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ይዘል ነበር፤ ግራ እጇን አሳረፈችበት። ጥቂት ቆይቶ መዝለሉ ቀነሰ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ…» አሉ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ» አለች ልጃቸው፤ አፍንጫዋን በመሀረብ ጠርጋ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ከእግራቸው ስር ቁጭ አለች። «ይህን ሁሉ ጊዜ አንዲት ወንበር አጥታ! እኔ ደግሞ ከተማ ልቀይርላት።»

ሰሌዳው ላይ ሁለቱ ቤቶች ጠርዙ ጋ እንደተገፉ ነበሩ። የእናቲቱ ዓይን አልተመለሰባቸውም። ልጅቱ ሰዓቷን አየችና በእጅጌዋ ሸፈነችው። ጋሽ ብሎን ግን አስታወሱት።

«ትኬት ቤቱ…» ብለው ከወንበሩ ከፍ አሉ።

እጇ ጉልበታቸው ላይ ከበደ። ተመልሰው ተቀመጡ። የውጭው መንገድ ላይ ሰዎች ወደ መናኸሪያው ይጣደፉ ነበር፤ ትኬት የሚሸጠውም ሰው በዚያን ጊዜ የመስኮቱን መዝጊያ እያወረደ ይሆናል። ጋሽ ብሎን ባርኔጣቸውን እንደደፉ፣ በሩን እያዩ፣ ተቀምጠው ቀሩ።